ንግሥት አስቴር፣ አሜስትሪስና የማያምን ሰው ስለ ማግባት

ጥያቄ፦ አስቴር ያላመነ የፋርስ ንጉሥ አግብታለች፤ እኔስ የማያምን ሰው ባገባ ምን ይከለክለኛል? ደግሞ የታሪክ መጻሕፍት የዚያን ንጉሥ ሚስት አሜስትሪስ ይሏታል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። መጽሐፍ ቅዱሳችን አርጤክስስ የሚለውን ንጉሥ ብዙ ሊቃውንት ከ486 እስከ 465 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነገሠው ቀዳማዊ ዜርክሲስ ነው ይላሉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የዚህ ንጉሥ ሚስት አሜስትሪስ፣ በግሪክ ዘመቻ የፋርስን ጦር የመራው የኦታኔስ ልጅ ነበረች። አስቴር ግን የአቢካኢል ልጅ፣ እናትና አባቷ የሞቱባት፣ ብንያማዊው የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ እንደ ልጁ ያሳደጋት ናት። ዘመኑም አይገጥምም፤ አስቴር በድንግልና ሳለች ወደ ንጉሡ የገባችው በነገሠ በ7ኛው ዓመት፣ በ479 ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን የአሜስትሪስ ልጅ ዳርዮስ ራሱ ሚስት ለማግባት ደርሶ ነበር። አሜስትሪስን ከአስቴር በፊት ንግሥት ከነበረችው ከአስጢን ጋር አንድ የሚያደርጉ አሉ፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። አስቴር ልጅ ወለደች የሚል ቃልም በመጽሐፉ የለም፤ የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን ልጇ ብሎ ማስተማርማ ጭራሽ አይሆንም፣ እርሱ ከዚያ አስቀድሞ በ530 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሞቷልና።

ወደ ጋብቻው ስንመጣ፣ አስቴር ባል ፈልጋ አልሄደችም። በንጉሡ አዋጅ ቆነጃጅት ወደ ሱሳ ግንብ ተሰብስበው ለጠባቂው ለሄጌ ተሰጡ፤ ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስት ወር በሽቱ ሲዘጋጁ ከቆዩ በኋላ እያንዳንዷ በተራዋ ማታ ገብታ በነጋው ወደ ሁለተኛው የሴቶች ቤት ትሄዳለች፤ ንጉሡ በስሟ ካልጠራትም ዳግመኛ ወደ እርሱ አትገባም (አስቴር 2፥12–14)። ይህን እንደ እጮኝነት የሚያነብ ሰው ምዕራፉን በጥድፊያ ያለፈ ይመስለኛል። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በሚገኘው ጸሎቷም ያልተገረዙትን መኝታ እንደምትጸየፍ፣ በራሷ ላይ ያለውን ዘውድም እንደምትጠላ ለእግዚአብሔር ትናገራለች።

እንግዲህ በግድ የተወሰደችው ሴት ታሪክ ወድዳና ፈቅዳ ለምታገባ ክርስቲያን ፈቃድ ሊሆናት አይችልም። ቅዱስ ጳውሎስ ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን ታግባ ሲል እንኳ «በጌታ ይሁን እንጂ» ብሎ ወስኗል (1ኛ ቆሮ. 7፥39)። ከአስቴር የምንወስደው ሥርዓት፣ ስለ ሕዝቧ ለመለመን ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት ከእነርሱ ጋር የጾመችው የሦስት ቀን ጾም ነው (4፥16)። ከጋብቻ በኋላ አንዱ ወገን ብቻ ያመነ ከሆነ ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ ከቁጥር 12 ጀምሮ የተለየ ምክር ሰጥቷል፤ የእርስዎ ግን ገና የሚታሰብ ጋብቻ ስለሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ሳይመክሩ ለሰውየው ቃል አይስጡ።