ማኪያቶዬ እስኪያልቅ ጠይቁኝ፦ ሳንባ ካንሰርና ፕሮቲን የማይሠራው አርኤንኤ

አራት ኪሎ አንዲት ካፌ ቁጭ ብያለሁ። ዶክተር አትበሉኝ፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ አርኤንኤው ፕሮቲን ካልሠራ ትርፍ ነው ማለት አይደል?

እኛም ድሮ እንደዛ ነበር የሚመስለን። አርኤንኤ ማለት ከዲኤንኤ ላይ የሚገለበጥ ቅጂ ነው። ከዲኤንኤያችን የፕሮቲን መመሪያ የያዘው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን ከፒያሳ የሚነሳ ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ መሪ አይነካም፤ «ወራጅ አለ!» ሲል ግን መኪናው ይቆማል፣ «ሳበው!» ሲል ይሄዳል። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባለው 22 ፊደል ገደማ ያለው ድንክ ልክ እንደ ረዳቱ ነው፤ የፕሮቲን መመሪያ ተሸክሞ የሚሄደው መልእክት አድራሹ አርኤንኤ ላይ ይለጠፍና ፕሮቲኑ እንዳይመረት ያግደዋል። መጀመሪያ የተገኘው 1 ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ላይ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭኩን እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል የወሰዱት በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከሳንባ ካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

ሌት-7 የሚባል ማይክሮ አርኤንኤ አለ። ሴሉን «ተባዛ» የሚለውን ራስ የተባለ ጂን (ስሙ ነው፣ ጭንቅላት ማለቴ አይደለም) የሚገታ ነው። በብዙ የሳንባ ዕጢዎች ውስጥ ቀንሶ ይገኛል። ረዳቱ ዝም አለ፣ ሹፌሩ ፌርማታውን ሁሉ እያለፈ ይነዳል ማለት ነው። ሚር-21 ደግሞ ተቃራኒው፤ ዕጢው ውስጥ ይበዛና ፒተን የሚባለውን ፍሬን ያፍናል። ረጅሞችም አሉ፦ 8,000 ፊደል ገደማ ያለው ማላት-1 እ.ኤ.አ. በ2003 የተለየው ከሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ዕጢ ነው፤ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከመዛመቱ ጋር ተያይዞ ስለተገኘ ስሙም ከዚያ ወጣ።

ጥያቄ፦ አላጨስም፣ አያሰጋኝም አይደል?

ሲጋራ ዋናው ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። የከሰልና የእንጨት ጭስም አለበት። መስኮት ክፈቱ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አልወጣለትም?

ተሞክሯል። ሚር-34 የተባለውን ሌላ ማይክሮ አርኤንኤ አስመስለው የሠሩት መድኃኒት ሰው ላይ ሲሞከር የሰውነት መከላከያን ክፉኛ ቀሰቀሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋረጠ። ችግሩ ዕጢው ጋ ብቻ ማድረሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራው ላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድነው?

አርኤንኤ ቅንጡ ነው! ያለ ጓንት ከነካኸው ጣትህ ላይ ያለው ኢንዛይም ይበላዋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ነው የምናስቀምጠው፤ ስለዚህ ሌሊት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምደውለው ለጥበቃው ነው፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ ወይ ብዬ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ የቲቢ መድኃኒት 6 ወር ወስዶ ጨረሰ፣ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ይሄን የአርኤንኤ ምርመራ የት ላሠራለት?

ተይው እህቴ፣ ይሄ ገና የምርምር ነገር ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ቲቢው በአክታ ተረጋግጦ ነበር ወይስ ኤክስሬይ ብቻ ታይቶ ነው የተጀመረለት? ኤክስሬይ ላይ ቲቢና የሳንባ ካንሰር ይመሳሰላሉ። የድሮ ፊልሞቹን ሰብስበሽ ወደ ሐኪም ውሰጂው፣ ሲቲ ስካን ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ፤ ዕጢ ከታየ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ) ይታያል። አክታው ላይ ደም ካየሽ ለነገ አትበይ።

ማኪያቶው አልቋል፣ ወደ ሥራ ልመለስ።