መልስ፦ ፕሮፓጋንዳ ከሆነ ሰው ለምን ወደደው?

ወንድሜ፣ «የሶቪየት የስለላ ታሪኮች ፕሮፓጋንዳ ከነበሩ ሕዝቡ እንዴት ወደዳቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። ፕሮፓጋንዳነታቸው አያከራክርም። ግን የተዋጣለት ፕሮፓጋንዳ መፈክር አያሰማም።

በ1973 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የታየውን ባለ 12 ክፍል «አሥራ ሰባት የጸደይ ቅጽበቶች» እንይ። መነሻው የዩሊያን ሴምዮኖቭ ልብ ወለድ ነው። ስቲርሊትዝ የሚባል የሶቪየት ሰላይ የናዚ መኮንን መስሎ በርሊን ውስጥ ይሠራል። የሶቪየት የስለላና የጸጥታ መሥሪያ ቤት የኬጂቢ ምክትል ሊቀመንበር የነበረው ሴምዮን ጽቪጉን በሐሰተኛ ስም የፊልሙ አማካሪ ነበር፤ እንግዲህ ድግሱ የማን እንደሆነ ገባህ።

ሆኖም አንድ ትዕይንት አለ። ስቲርሊትዝ ለዓመታት ያላያትን ሚስቱን ካፌ ያመጡለታል። እሱ በአንድ ጠረጴዛ፣ እሷ በሌላ። ለደቂቃዎች ይተያያሉ፤ አንዲት ቃል የለም። ከዚያ እሷ ተነሥታ ትሄዳለች። ይህን ያየ ሰው፣ ስቲርሊትዝ ጎረቤቱን በሌሊት ይወስድ የነበረው መሥሪያ ቤት ባልደረባ እንደሆነ ይረሳል። ለእኔ ዋናው ተንኮል እዚህ ላይ ነው።

የፊልሙ ታሪክም ከባዶ አልተፈጠረም። የናዚው ኤስኤስ ጦር ጄኔራል ካርል ቮልፍ እና አሜሪካዊው የስለላ ሹም አለን ደለስ በ1945 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ በእርግጥ ተገናኝተዋል፤ ጉዳዩ ኢጣሊያ ውስጥ የነበረው የጀርመን ጦር እጅ ስለሚሰጥበት መንገድ ነበር። ፊልሙ ግን ምዕራባውያን ሞስኮን ከጀርባ ሊወጉ እንደተዘጋጁ አድርጎ ያሳየዋል።

ሕዝቡም ሞኝ አልነበረም። የተራኪውን ኮስታራ ድምፅ እያስመሰለ ስለ ስቲርሊትዝ ቀልድ ሲፈጥር ኖሯል፤ ፊልሙንም መውደዱን አልተወም።