ጥላው ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጃችንን ቤት ነው የምናስተምራት። ግቢ ውስጥ እንጨት ተክላ ጥላ ስትለካ ሰነበተች። ጥላ በጣም የሚያጥረው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን «6፡20 አልፎም እያጠረ ነው» ብላ ትሞግተኛለች። እንጨቱ አዘሞ ይሆን? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ 38.75 ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ የምታልፈው በ4 ደቂቃ ስለሆነ እኩለ ቀኑ 25 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጅጅጋ ላይ 9 ደቂቃ፣ አሶሳ ላይ 42 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያ ዘመድ ካላችሁ በአንድ ቀን ለክታችሁ በስልክ ተነጋገሩ።

25ቱም ቢሆን አማካይ ነው። የምድር ዘንግ ያዘመመ፣ ዙረቷም ፍጥነቱ እኩል ያልሆነ ስለሆነ ጥቅምት 24 ገደማ እኩለ ቀን በ6፡09፣ የካቲት 4 ገደማ ደግሞ በ6፡39 ይውላል። ይህን ግን ዛሬውኑ አይንገሯት፤ በየወሩ ለክታ ራሷ ትድረስበት።

ችግሩ ያለው አለካኩ ላይ ነው። በታኅሣሥ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ እኩለ ቀን ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ከአጭሩ የሚበልጠው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጥላው ጫፍ ብዥታ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ አጭሩን ጥላ ማሳደዱን ትተው እንዲህ ያድርጉ፦ እንጨቱን በቱምቢ ከሁለት አቅጣጫ አይተው ያቁሙ (ክር ላይ የታሰረ ድንጋይም ይሆናል)። 4፡30 ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ሚስማር ይምቱ። ከእንጨቱ ሥር እስከ ሚስማሩ በሚደርስ ገመድ መሬቱ ላይ ክብ ይሥሩ። ከሰዓት በኋላ ጫፉ ክቡን መልሶ ሲነካ ቦታውን ምልክት ታድርግበት፣ ሰዓቱንም ትጻፍ። ታኅሣሥ 12 ይህ የሚሆነው 8፡16 አካባቢ ነው፤ የሁለቱ መሐል 6፡23 ይሆናል። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመርም ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል።

ውጤቱን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የግቢው ተዳፋት ነው። የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ያዘመመ ሊሾ ላይ ከሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር እንጨት ጣውላ ላይ ተክለው ጣውላውን ያስተካክሉ። ውሃ የያዘ ትሪ ለማመዛዘኛ ይበቃል።

አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ሙግት ይዛ ትመጣለች፦ ከሚያዝያ 5 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። አሁንም ልክ ናት፤ ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመቱ ልጄ ሀሁን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። «ሴ»ን ለብቻዋ ሳሳየው ግን ከሰ ጀምሮ ካልቆጠረ አያውቃትም።

መልስ፦ የያዘው ዜማውን ነው። የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥራሉ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ድምፁም አብሮ ስለሚለወጥ ዜማ አያድነውም። በካርቶን ቁራጭ የበ፣ የለ፣ የሰና የከ ቤቶችን ጽፈው ያደባልቁ፤ 28 ይሆናሉ። ካዕቡ ጎኑ ላይ፣ ሳልሱ እግሩ ሥር ጭረት፣ ኀምሱ እግሩ ሥር ቀለበት እንዳለው ራሱ ይለይ። ረ እና ፈ ከዚህ ደንብ ወጣ ስለሚሉ ይቆዩ። ሳድስን ግን በቃል ከመያዝ ሌላ መላ የለውም።