ግራናዳ የምትሄዱ ልጆች፣ ከአልሃምብራ በፊት ሞናቺልን በእግራችሁ እዩ

ሰላም ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው በተለይ ሲቪልና መስኖ ለምትማሩት ነው፣ ግን አውሮፓ በስኮላርሺፕ ሄዳችሁ በእረፍት ሰዓት ስፔን ወረድ ለምትሉትም ይሆናል። ግራናዳ በኢራስመስ (የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም) ተማሪ የተሞላች ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲዋ በፈረንጆቹ ከ1531 ጀምሮ ያለ ነው፣ እና ከእናንተ መሀል የሆነ ሰው እዛ መድረሱ አይቀርም። ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደርጉትንም አውቀዋለሁ፣ አልሃምብራ የሚባለው የድሮ ቤተ መንግስት ገብታችሁ አስራ ሁለቱ አንበሶች የተሸከሙት ፋውንቴን ጋ ቆማችሁ ፎቶ፣ በቃ። ያምራል፣ ምንም አልልም። እኔ ግን እድሜዬን ቦይና ደለል ስለካ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ከዛ በፊት ግማሽ ቀን ለሞናቺል ስጡ።

ሞናቺል ከግራናዳ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የሴራ ኔቫዳ ተራራ ግርጌ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፣ ከከተማ አውቶቡስ አለ። ከመንደሯ ወንዙን ይዛችሁ ሽቅብ ስትሉ ሎስ ካኦሮስ የሚባል ጠባብ ገደል ውስጥ ትገባላችሁ፣ ግራና ቀኙ የቆመ ድንጋይ ነው፣ ገመድ አስረው የሚወጡ ልጆች ታያላችሁ። ከዛ ተንጠልጣይ ድልድይ ይመጣል፣ ትልቁ 63 ሜትር ነው፣ ይወዛወዛል፣ ስንት ሰው ባንዴ እንደሚሻገር ተጽፎበታል፣ ጽሁፉን አክብሩት እንጂ ለቪዲዮ ብላችሁ አስር ሆናችሁ አትዝለሉበት። ከድልድዩ በኋላ ነው ጨዋታው። መንገዱ የአንድ ሰው ስፋት ይሆንና አለቱ ወደናንተ ያዘነብላል፣ ጎንበስ ብላችሁ አንዳንዴ በጉልበታችሁ ሁሉ እየዳሃችሁ ድንጋዩ ላይ የተተከለውን የብረት እጀታ ይዛችሁ ታልፋላችሁ፣ ከስራችሁ ወንዙ እየጮኸ። ዞራችሁ እስክትመለሱ ሶስት ሰዓት አካባቢ ቢፈጅ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ላደገ ሰው ከፍታው ምኑም አይደለም፣ መንገዱ ከኛ ሰፈር በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ የሚጥላችሁ የረጠበ ድንጋይ ነው።

አሁን እዛ ስትሄዱ ገደሉን ብቻ አትዩ። ወንዙ ከየት መጣ ብላችሁ ቀና በሉ። ከላይ ያለው ሴራ ኔቫዳ ነው፣ ጫፉ ሙላሴን 3,479 ሜትር ነው፣ በዋናው የስፔን መሬት ላይ የሚበልጠው የለም። በነሱ ክረምት በረዶ ይከምራል፣ በነሱ በጋ፣ ሀምሌና ነሀሴ ማለት ነው፣ ደግሞ ዝናብ ጠብ አይልም፣ እና ታች ያለው አትክልትና ፍራፍሬ በሙሉ የሚኖረው ከዛ በረዶ ቅላጭ ነው። መንገድ ላይ በየጎኑ ቦይ ታያላችሁ፣ እነሱ አሴኪያ ይሉታል፣ ከአረቦቹ ዘመን የመጣ ባህል ነው። ብዙ ቱሪስት ተራምዶት ያልፋል። እናንተ ቁሙና ተዳፋቱን እዩት፣ ውሃው ሳይቸኩልም ሳይተኛም እንዴት እንደሚሄድ፣ ያለ ሌቭል ማሽን ያለ ሶፍትዌር።

ይሄን ካያችሁ በኋላ ነው አልሃምብራ የሚገባችሁ። ቤተ መንግስቱ ኮረብታ ላይ ነው፣ የዳሮ ወንዝ ደግሞ ከስሩ ገደል ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ታዲያ ውሃው እንዴት ወጣ? አልወጣም። የናስሪድ የሚባለው የሙስሊም ስርወ መንግስት የመጀመሪያ ንጉስ ቀዳማዊ መሀመድ በ1238 ግራናዳን ሲይዝ ያሰራው ቦይ ወንዙን 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደላይ ሄዶ ነው የሚጠልፈው፣ ወንዙ ራሱ ከቤተ መንግስቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ድረስ ማለት ነው፣ ከዛ የተራራውን ጎን ይዞ በትንሽ በትንሹ እየወረደ ሲመጣ ወንዙ ታች ቀርቶ ቦዩ ኮረብታው አናት ላይ ይደርሳል። ፓምፕ የለም፣ ስበት ብቻ። የአንበሶቹ ፋውንቴን የመጣው ከመቶ አመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ቦዩ ባይኖር የደረቀ ድንጋይ ነበር። ከተማዋ በ1492 ለስፔን ነገስታት እጇን ስትሰጥም ገዢው ተቀየረ እንጂ ቦዩ ስራውን ቀጠለ።

እና ልል የፈለግኩት እዚህ ጋ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ። ይሄ ነገር ይሄን ያህል ዘመን የቆየው ዲዛይኑ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ በየአመቱ የሚጠርገው ሰው ስለነበረ ነው። በየመንደሩ አሴኪዬሮ የሚባል ሰው አለ፣ ተራ የሚያስይዝ፣ ቦይ የሚከፍት የሚዘጋ፣ የተሰበረ የሚጠግን፣ እኛ ሰሜን የውሃ አባት የምንለው ማለት ነው። ከተራራው በደቡብ በኩል ባሉት የአልፑሃራ መንደሮች ደግሞ ከዚህ የባሰ ተአምር አለ፣ በረዶው ሲቀልጥ የተረፈውን ውሃ በቦይ ወስደው ሆን ብለው ውሃ የሚውጥ መሬት ላይ ይለቁታል፣ ተራራውን እንደ እንስራ ይሞሉታል፣ ውሃው ውስጥ ውስጡን ቀስ ብሎ ተጉዞ በጋ ላይ ታች ያሉት ምንጮች ላይ ይወጣል። ግድብ የለ ታንከር የለ። ከዛ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ውጭ ሀገር ሲሄድ የሚጠርግ ጠፋና ቦዮቹ አንድ በአንድ ሞቱ፣ ምንጮቹም አብረው ደከሙ። በ2014 የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካኛር የምትባል መንደር ላይ ከገበሬዎቹና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው አካፋና ዶማ ይዘው አንዱን አስነሱት፣ ከዛ ሌላውን። ከመሀላቸው ተማሪዎች ነበሩ፣ እንደናንተ።

እኛ ጋ እኔ የማውቃቸው በደንብ የተሰሩ መስኖዎች አሉ፣ ኮንክሪቱ ቀጥ ያለ፣ ሪባን የተቆረጠላቸው፣ ከጥቂት አመት በኋላ ስትሄድ በደለል ተሞልተው ከብት የሚተኛባቸው። ያጠፋው ዲዛይኑ አልነበረም፣ በጀቱ ላይ የጠረጋ መስመር አልነበረም፣ ማን ይጠርግ የሚለውን የጠየቀ አልነበረም፣ ከላይ ሰፈር ያለውና ከታች ያለው ገበሬ ተራ ሲጣላ የሚዳኝ አልተመረጠም። ስብሰባ ላይ ይሄን ስታነሳ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። እና አሁን ወጣት ኢንጂነሮች ሳወራ ሁሉም ዲዛይን ነው የሚፈልገው፣ ሜጋ ፕሮጀክት፣ ሞዴሊንግ፣ ጥገና ክፍል የተመደበ ልጅ የተቀጣ ነው የሚመስለው። ኧረ እንደዛ አታስቡ ልጆቼ! የመጀመሪያ ስራችሁ ጥገና ላይ ከሆነ እሰየው በሉ፣ የት እንደሚሰነጠቅ፣ የት ደለል እንደሚይዝ፣ የትኛውን በር ገበሬው ለምን እንደሰበረው የሚያሳያችሁ እሱ ነው፣ ይሄን ሳያውቅ ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ለወረቀት ነው የሚሰራው። ሳይት ስትወጡ ደግሞ መኪናው የቆመበት ጋ ብቻ አትቅሩ፣ ጠለፋው ድረስ በእግር ውጡ፣ የውሃ አባቱን ፈልጉና አብራችሁ ሂዱ፣ አብቹ ብላችሁ አትንቁት፣ አባባ በሉትና ጠይቁት። ሀኪም ብትሆኑም ሶፍትዌር ብትሰሩም ያው ነው መሰለኝ፣ ግን የሌላ ሰው ሙያ ውስጥ ገብቼ አልፈላሰፍ።

ለጉዞው፣ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ነጭ ስኒከር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ዝናብ በጣለ ማግስት ተዉት፣ ድንጋይ ይወርዳል፣ ሀምሌና ነሀሴ ከሆነ ጠዋት በጊዜ ጀምሩ፣ ግራናዳ በበጋ ትጠብሳለች። ውሃ ያዙ። የአልሃምብራ ቲኬት ቀደም ብላችሁ በኦንላይን ቁረጡ፣ ያልቃል፣ ውስጥ ላሉት የናስሪድ ቤተ መንግስቶች የመግቢያ ሰዓት ተጽፎበታል፣ ካለፋችሁ ተለማምጣችሁም አትገቡም። ስለዚህ ለሁለተኛው ቀን አድርጉት፣ የመጀመሪያው ቀን የሞናቺል ይሁን፣ ከተቻለ ቅዳሜና እሁድ ያልሆነ ቀን፣ አለበለዚያ ድልድዩ ላይ ወረፋ ነው።