መልስ፦ ስለ «ሞሞ» የድምፅ መልእክት

እህቴ፣ በድሬ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የሚዞረውን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ። ዓይኗ የፈጠጠ «ሞሞ» የምትባል ሴት በልጆች ስልክ እየመጣች «ራሳችሁን ጉዱ» ትላለች የሚለውን ማለቴ ነው። የልጄን ስልክ ልቀማት ወይ ላልሽው፣ በዚህ ወሬ ከሆነ አትቀሚያት።

ወሬው የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 2018 እና 2019 ዓለምን ዞሯል። የሞሞ ፊት ደግሞ የሰው አይደለም፤ ኬይሱኬ አይሶ የሚባል ጃፓናዊ የሠራው ቅርጽ ነው፣ በፈረንጆቹ 2016 ቶኪዮ ለዕይታ ቀርቦ፣ በኋላ በስብሶ እንደተጣለ ሠሪው ራሱ ተናግሯል። ወሬው ሲዞር እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤቶችና ፖሊስ ሳይቀሩ ወላጆችን ሲያስጠነቅቁ፣ ራስን ማጥፋትን በመከላከል ላይ የሚሠራው ሳማሪታንስ የተባለ ድርጅት ግን በዚህ ሰበብ ራሱን ያጠፋ ሰው ስለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ እንደማያውቅ ገልጿል።

እስኪ መልእክቱን ደግመሽ ስሚው። «አንድ ትምህርት ቤት» ይላል፣ የቱ? ሳቢያን ነው ከዚራ? «ትናንት» ይላል፣ የመቼው ትናንት? መጨረሻው ላይ «ለሁሉም ወላጅ አድርሱ»። በእንዲህ ያለ ነገር እናቶች እንቅልፍ ማጣታቸው በጣም ያናድደኛል።

የሞሞን ፎቶ ለልጅሽ እንዳታሳያት፣ ባላየችው ነገር ትፈራለች። «ስልክ ላይ ያስፈራሽ ነገር አለ ወይ?» ብለሽ ረጋ ብለሽ ጠይቂያት። እኔን የሚያሳስበኝ የማታውቀው ሰው «ፎቶ ላኪልኝ» ቢላት ነው። ዛሬውኑ ቴሌግራሟ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ግቢና ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባት እንደሚችል የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጊው።