ዲግሪ ሳትይዙ ወደ ሶፍትዌር ሙያ ለምትገቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015ም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ልጆች በሬን እያንኳኩ «ጋሼ፣ እርስዎ ያለ ዲግሪ እንዴት ገቡበት?» ይሉኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግም ቆየሁ። ረጋ ብሎ ለመናገር ጽሑፍ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ።

እኔም በ1985 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አጣሁ። አባቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን የወር ደመወዙን ግማሽ ቆጥሮ ሰጠኝና ጽሕፈትና ኮምፒውተር የሚያስተምር ቤት ተመዘገብኩ። ወርድ ፐርፌክት የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራምና ሎተስ የሚባለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያም በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ተቀጥሬ የተመራቂ ተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ በገጽ ሒሳብ መተየብ ጀመርኩ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው በዚያ ሥራ ይከፋዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ እየተየብኩ አነብ ነበር። የተማረ ሰው አንድን ችግር እንዴት እንደሚከፋፍለው፣ የቱን እንደሚያስቀድም፣ ያላጣራውን ነገር እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚጽፈው ያየሁት በእነዚያ ገጾች ላይ ነው።

ማታ ማታ የቤቱ ባለቤት ፈቅደውልኝ ፎክስፕሮ በሚባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም እለማመድ ነበር። መምህር አልነበረኝም። ኤፍ ዋን የሚለውን ቁልፍ ስጫን የሚከፈተውን የእንግሊዝኛ ማብራሪያ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ መስመር በመስመር አነበብኩት። ኮምፒውተሩ ስሕተት አገኘሁ ብሎ የሚያወጣውን መልእክት ሁሉ በደብተር ገልብጬ ከጎኑ ምክንያቱን በአማርኛ እጽፍ ነበር። ደብተሮቹ አራት ደረሱ። ይህን ልማድ ለእናንተም እመክራለሁ። በራሳችሁ ቋንቋ ልታስረዱት ያልቻላችሁትን ነገር ገብቶኛል ብላችሁ አትለፉ።

በ1994 ዓ.ም. አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ደረሰኝ ያትማል፣ ወለድ ያሰላል፣ የኮምፒውተሩን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ይለውጣል። ገንዘቤን ተቀብዬ፣ ሥራው አለቀ ብዬ ሄድኩ። ከአንድ ዓመት በላይም ምንም ችግር አልሰማሁም።

ሐሙስ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ጠዋት ስልክ ተደወለ። የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት። ለበዓል ገንዘብ ሊያወጡ የመጡ አባላት ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። የሚታተመው ደረሰኝ ግን ቀኑን «መስከረም 1 ቀን 1996» ይላል። ፕሮግራሙ አሮጌውን ዓመት በአንድ ቀን ቀድሞ ዘግቶ የዓመቱን ወለድ አስልቶ ጨርሷል። እትዬ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን ረሳኸው?» ብቻ አሉኝ።

ረስቼው ነበር። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ስጽፍ ግን ጳጉሜንን አምስት ብዬ ደምድሜ፣ የሞከርኩትም በዚያው ዓመት ቀኖች ብቻ ነበር። ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ደረሰኙ በእጅ እንዲጻፍ ተደረገ። እኔ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ ኮዱን አረምኩ፤ ያለ ቀኑ የተሰላውን ወለድ ከእትዬ ጋር በየአባሉ እየመለስን እስከ ምሽት ቆየን። ከሰልፉ መካከል ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። ፀሐይ ላይ የቆሙት በእኔ ምክንያት መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩን አልተውኩትም። ማንም ሳይጠራኝ በየወሩ መጨረሻ እሄድ ነበር። እትዬ ቅሬታቸውን በአንድ ደብተር ይጽፉልኛል፤ እኔ ያረምኩትን ከሥሩ ጽፌ እፈርማለሁ።

ስለዚህ ሙያ የማምነው ይህንኑ ነው። ዲግሪ የሌለውን ሰው የሚያስከብረው፣ ሌላው ሰው ኑሮውን የተደገፈበትን ነገር ሠርቶ ሳይለየው መቆየቱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ብዙዎቻችሁ ያለ ክፍያ ተምራችሁ የምስክር ወረቀት አግኝታችኋል። ተማሩ፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ በር አልተከፈተልኝም። ነገር ግን አምስት የምስክር ወረቀት ይዞ አንድም ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም የሌለው ወጣት ሲገጥመኝ አዝናለሁ። ስድስተኛውን ከመጀመራችሁ በፊት የእናታችሁን እድር መዝገብ ጠይቁ። በሰፈራችሁ ያለው መድኃኒት ቤት የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን መድኃኒት በምን እንደሚለይ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳትነኩ ተቀምጣችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ። ከዚያ ትንሽ ነገር ሥሩላቸውና አንድ ዓመት አብራችኋቸው ቆዩ። ለውጦቻችሁን በጊት መዝግቡ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ለእኔና ለእትዬ ያንን ሥራ ይሠራ የነበረው ደብተሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ቤታችሁ ውስጥ ያደጋችሁበት ዕውቀት በዚህ ሙያ ውስጥ ዋጋ አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችን፣ ከዚያ የአያታችን ስም ይመጣል። ለሌላ አገር የተሠራ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አያሳልፋችሁም። ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም የእኛን ሦስት ሰዓት ካላወቀ በሽተኛው ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው በሌላ ሰዓት ነው። አንዷ ስሟን «ፀሐይ» ብላ፣ ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ትጽፋለች፤ ፍለጋው ሁለቱን ካላገናኘ አንዷ ከመዝገብ ትጠፋለች። እነዚህን ነገሮች እናንተ ሳትማሩ ታውቋቸዋላችሁ፤ እንደ እኔ ስትጽፉ አትርሷቸው። ዛሬ ኮድ የሚጽፍላችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አለ። ተጠቀሙበት። ነገር ግን የጻፈላችሁን እያንዳንዱን መስመር ለእትዬ ማስረዳት ካልቻላችሁ ለሰው አትስጡት።

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልንገራችሁ። ዲግሪ አያስፈልግም የሚሏችሁን ሰዎች አትመኑ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቼ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያው የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቅ ስለነበር ማመልከት እንኳ አልቻልኩም። ቦታውን ያገኘውን ልጅ ሥራውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ልጁ ጥሩ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ውጭ አገር ለምታስቡም ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ዲግሪ ወይም ከዲግሪ ጋር የሚመጣጠን ልምድ ትጠይቃለች፤ በዚያ ስሌት ሦስት የሥራ ዓመት ለአንድ የኮሌጅ ዓመት ይቆጠራል። የአራት ዓመቱን ትምህርት በሥራ ልተካ የሚል ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ የማታም ሆነ የርቀት ትምህርት ዕድል ስታገኙ ግቡ። ዘግይቶ መማር አያሳፍርም።

ከደመወዙና ከቦታው በላይ የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። በየሥራው የተማርኩት ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገኝን ብቻ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በሁለተኛ ዓመታቸው የሚያውቁትን የመረጃ ቋት አነዳደፍ እኔ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው ከተዋስኩት መጽሐፍ ያነበብኩት። እስከዚያ ድረስ የሠራኋቸው ፕሮግራሞች የአንድን ሰው ስም አምስት ቦታ ይመዘግቡ ነበር፤ አንዱ ሲታረም አራቱ ሳይታረሙ ይቀራሉ። እናንተ ይህን ያህል መጠበቅ የለባችሁም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲ ኤስ 50 የሚባለውን የመግቢያ ኮርሱን፣ ኤም አይ ቲ ደግሞ የብዙ ትምህርቶቹን ማስታወሻ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ አስቀምጠዋል። የሚጥማችሁን እየመረጣችሁ አትዝለሉ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ የሚያስፈራችሁን ሒሳብ። ግንኙነቱ በሚፈጥንበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡት፤ መብራት ሲጠፋ ከወረቀት ላይ የምታነቡት ነገርም ይኑራችሁ።

አንድ ምክር ቀረኝ። ከሠራችሁበት ቦታ ሁሉ፣ ለአንድ ወርም ቢሆን፣ ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳትይዙ አትውጡ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ምን እንደሠራችሁ በዝርዝር ይጻፍ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ ማስረጃ ስላልወሰድኩ እነዚያ ዓመታት በወረቀት ላይ የሉም።

ከማኅበሩ የወሰድኩት ግን እስከ ዛሬ አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ቢሮው ከመከፈቱ በፊት ደርሼ ከእትዬ ጎን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ደረሰኝ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አነበቡና ምንም ሳይሉ ለአባሉ ሰጡት። ሰልፉ እንደወትሮው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ፣ ከ1994 እስከ 1999 ዓ.ም. የማኅበሩን የሒሳብ ፕሮግራም እንደሠራሁና ሳላቋርጥ እንደተከታተልኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርመው ሰጡኝ። ያንን ይዤ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ቀጣሪው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ፕሮግራም ላይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ዘመነ ሉቃስ ነገርኩት።