ገራም መሆኑ ከኃላፊነት አያድንም

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ አዘዞ፣ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር በተከራየነው ግቢ እንኖራለን። አንድ ወዳጃችን ከመንገድ አንሥቶ ያሳደገውን እጅግ ግዙፍ የፈረንጅ ዝርያ ውሻ፣ ወደ አዲስ አበባ ስለሚዛወር ሊሰጠን ይፈልጋል። ጎረቤቶቹ ቢያጋንኑም ውሻው በጣም ገራም ነው። አንድ ወር እንሞክረውና ከተስማማን እናስቀረዋለን። ስጦታውን በውልና ማስረጃ ማጽደቅ አለብን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጠየቁኝ ቀላሉን ነው። ውሻ የሚንቀሳቀስ ንብረት በመሆኑ ስጦታው በርክክብ ይፈጸማል፤ ማጽደቅ ባያስፈልግም ምስክሮች ባሉበት የተፈረመ ወረቀት ይያዙ። ከመንገድ የተነሣ ውሻ ነውና የቀድሞ ባለቤቱ ቢመጣ ስጦታው ብቻውን አይከላከልልዎትም፤ ስለዚህ ወዳጅዎ መቼና የት እንዳገኘው፣ ባለቤቱንም እንዴት እንዳፈላለገ በወረቀቱ ላይ ያስፍር። የአከራይዎንም ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እንደ ዋዛ ያለፉት ሐረግ ነው። ጎረቤቶቹ የሚያጋንኑት ምኑን ነው? አንድ ነገር ሳይደርስ እንዳልቀረ እገምታለሁ። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን ውሻ ሰው ለመጉዳት መንከስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ደስ ብሎት ቢዘልባቸው አንዲት አሮጊት ወድቀው ሊሰበሩ ይችላሉ። ይህን ለእኔ አለመጻፍዎን እረዳለሁ፤ ከባለቤትዎና ከአከራይዎ ቢደብቁት ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ አለ። «ውሻዬ ገራም ነው፣ ማንንም ነክሶ አያውቅም፣ በሩ ሳይታሰብ ተከፍቶ ነው የወጣው» ብለው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ግን የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ፣ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ሆኖ ሳለ እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ዋናው መከላከያ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ እሱንም የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ነው። የሙከራው ወርም አያድንዎትም፤ ውሻውን በእጁ የያዘ ሰው፣ ገና ባለቤት ባይሆንም፣ በቁጥር 2072 ይጠየቃል።

«ጉዳት ካደረሰ ለተጎጂው አስረክቤ እገላገላለሁ» የሚሉም አሉ። እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት የመውጣት መንገድ በቁጥር 2074 ቢኖርም፣ ጉዳቱ ከባለቤቱ ጥፋት የመጣ ከሆነ አይሠራም። የጎረቤቶቹን ስሞታ አስቀድመው እያወቁ በሩን ክፍት ቢተዉ፣ የከሳሽ ጠበቃ ይህንኑ እንደ ጥፋት እንደሚያነሣብዎት አይጠራጠሩ። የአካል ጉዳት ከደረሰ በቸልተኝነት የወንጀል ክስ ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ ውሻውን ከመረከብዎ በፊት ጎረቤቶቹን ራስዎ ሄደው ያነጋግሩ፤ ወዳጅዎም የቀድሞ አደጋ መኖር አለመኖሩን በፊርማው ያረጋግጥልዎት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃውን ዋናውን ይቀበሉ፤ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረትም ያሳድሱት፤ ማስረጃ ከሌለው በእንስሳት ሐኪም ሳይታይና ሳይከተብ ከልጆችዎ ጋር አያገናኙት። በአካባቢዎ ውሻ ለማስመዝገብ የወጣ ደንብ እንዳለ ቀበሌዎን ይጠይቁ። በእውነት አንድ ሰው ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይፈርሙ፣ ሰነዶችዎን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፤ የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ያ ጉዳይ ገና ያልተዘጋ ሊሆን ይችላል።